የወንዝ ዳሩ እንጆሪና የገዛኸኝ ጀርባ

በኛ ጊዜ፣ ወገባችን ሳይጎብጥ ማለቴ ነው፣ ሰው የት እንደዋለ በአፉ አይጠየቅም ነበር። እግሩ ይታያል፣ አለቀ። አሁን እናንተ ቦቲ አድርጋችሁ ምናችሁ ይታያል። ግቡ፣ ግቡ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ከጣሪያው ስር ተጠጉ፣ ቡናው የትም አይሄድ፣ አረሙም የትም አይሄድ። ጎደሬ ተቀቅሏል፣ እየላጣችሁ ብሉ። ድምፃችሁን ብቻ ቀነስ አድርጉ፣ ሽማግሌው ውስጥ ተኝቷል።

አንተ ተመስገን፣ ና እስቲ ወዲህ። ቦቲህ ተቀዶ የለ እንዴ፣ ሱሪህን ወደ ላይ ሳብ። ሳብ እንጂ፣ እግርህን ነው ያልኩህ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን አየሁብህ። ይኸው፣ አያችሁት? ጫጩት የለቀመው ይመስል ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ። ታዲያ ቅድም ስጠይቀው «ላይ ቡናው ውስጥ ስመነጥር ነው የቧጨረኝ» አለኝ። ላይ! ላይ የዋለ ሰው እግሩ እንዲህ አይሆንም ልጄ። ይሄ የወንዝ ዳሩ እንጆሪ ነው። አንተ ወንዝ ዳር ነው የነበርከው። ቆይ፣ አትቆጣ፣ ወደ አንተ እመለሳለሁ።

እናንተ ሁሉንም እንጆሪ ትሉታላችሁ። እሾህ ካለው፣ ፍሬው አፍ ካጠቆረ፣ እንጆሪ ነው፣ ትበላላችሁ ትሄዳላችሁ። ሁለት ነው እኮ። ስሙኝ፣ አንዱ የላይኛው ነው፣ ገደሉ አናት ላይ፣ ብርድ ያለበት፣ ደመናው ጠዋት ጠዋት የሚተኛበት ቦታ የሚበቅለው። እሱ ቁመታም ነው፣ ሰው ያክላል፣ ግንዱ ጸጉር አለው፣ አበባው ሮዝ ነው፣ ሲያዩት የሚያምር፣ እሾሁ ግን እንደ ድመት ጥፍር ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ስትገባ ያስገባሃል። ስትወጣ ነው የሚይዝህ። እና ሲይዝህ ይጎትታል፣ ረጅም አድርጎ ነው የሚተለትልህ፣ እንደ በሬ ትልም። ሁለተኛው የታችኛው ነው፣ የወንዝ ዳሩ። እሱ ተንፏቃቂ ነው፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል። አበባውን ፈልገህም አታገኘው፣ የአበባ ቅጠል የሌለው ምስኪን አበባ ነው ያለው። ፍሬው ግን ይበልጣል፣ ቀይ ይሆንና ይጠቁራል፣ ጣፋጭ ነው። እሾሁ ትናንሽ ነው፣ ብዙ ነው፣ አይጎትትም፣ ይወጋል ብቻ። ይሄው የተመስገን እግር።

ደግሞ ሁለቱም ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ አይገቡም። ፀሐይ ካልነካው እንጆሪ የለም። ዛፍ የወደቀበት፣ መሬት የተናደበት፣ ሰው ቆፍሮ የተወው ቦታ፣ እዚያ ነው። እንጆሪ እንደ ወንድ ነው፣ ባለቤት የሌለው ቦታ ሲያይ ሰተት ብሎ ይገባል። ምን ያስቃችኋል? እውነቴን ነው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤት እንደሆነ ደጁንም አላውቀው። ይሄን የተማርኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ነው።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወባ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንዲት ልጄን ቴፒ ድሬያታለሁ። እኔ እዚሁ፣ እዚሁ ቤት፣ ይሄው ቡና ላይ ቀርቻለሁ። አሁን እናንተ የምትመነጥሩት ቡና ማለት ነው። ታዲያ ቡናው የኔ ነበር፣ የኔም አልነበረም። እንዲህ ነው ነገሩ፣ መበለት በባሏ ስም እስከተቀመጠች ድረስ ቡናውን ትለቅማለች፣ ትሸጣለች፣ ማንም አይነካትም። ሌላ ሰው ካየች ግን የሟች ወገን ይመጣና «በቃ፣ ወደ ሰውሽ ሂጂ» ብሎ ቡናውን ይወስዳል። ልማዱ ነው። የሟች ወገን ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ ዋርሳዬ ወልዴ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ አጥር ለአጥር ነን። ወልዴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ አልወቅሰውም። ግን በየሳምንቱ ይመጣና ቡናውን እንደ ሎሚ እያሻሸ ያየዋል፣ ቅጠሉን ይነካል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና ምን ይላል መሰላችሁ፣ «የወንድሜ ቡና በሌላ ሰው ገጀራ አይመነጠርም» ይላል። ሰላምታው ይሄ ነው። እንደምን አደርሽ የለም፣ ደህና ነሽ የለም። የወንድሜ ቡና በሌላ ሰው ገጀራ አይመነጠርም።

እኔም ጠላ እቀዳለታለሁ፣ ይጠጣል፣ ይሄዳል።

እና ገዛኸኝ የሚባል ሰው ነበር። ገዛኸኝ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ሸኮ ነው፣ ንብ አርቢ። አባቱ ያወረሰው አሥራ አንድ ዛፍ ነበረው፣ እየዞረ ቀፎ ይሰቅልባቸዋል። በዛፍ ላይ ያለ ሀብት ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ ከድስት ሌላ ምንም የለ። ሚስቱ ጥላው ሚዛን ከተማ ከገባች ቆይታለች። ዝምተኛ ነው፣ ንብ ያስለመደው ዝምታ ነው መቼም። አንድ ቃል ለመናገር ሦስቴ ነው አፉን የሚከፍተው። እንዴት ተጀመረ አትበሉኝ። አንድ ጊዜ ማር አመጣልኝ፣ አንድ ጊዜ ጣሪያዬን ከደነልኝ፣ ከዚያማ ታውቃላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ ጆሮአችሁን ያዙ።

ታዲያ የት እንገናኝ? እኔ ቤት ወልዴ አለ። እሱ ቤት አራት ጎረቤት አለ። ታች ወንዙ ዳር ግን በደርግ ጊዜ የቡና ችግኝ የሚፈላበት ጣቢያ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ዘበኛውም ሄደ፣ ቆርቆሮውም ሄደ፣ የችግኙ መደብ ብቻ ቀረ። የተቆፈረ መሬት ነው፣ ፀሐይ አለው፣ ባለቤት የለውም። ቅድም ምን አልኳችሁ? እንጆሪ ገባበት። ዙሪያውን እንደ አጥር አጠረውና መሀሉ ላይ አንድ መደብ የምታህል ቦታ ተወልን። እግዜር ራሱ ያዘጋጀው ይመስል።

የምንገናኘው በገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን መንደር ውስጥ የሚቀረው ውሻና ዶሮ ነው፣ ሁሉም ሸኮ ገበያ ይወርዳል። እኔ «ወገቤን አመመኝ» እላለሁ፣ እሱ ከገበያ በጊዜ ይመለሳል፣ በጠራራ ፀሐይ።

እና የዚያን ቀን ገዛኸኝ ከገበያ አዲስ ኮት ገዝቶ መጣ። ሰልባጅ ነው፣ ግን አዲስ ነው፣ ግራጫ። ቆሞ ቆሞ ያሳየኛል። ቆንጆ ነው አልኩት። ታዲያ መደቡ ላይ እንጆሪው እጁን ዘርግቶ ዘርግቶ ገብቷል፣ አንድ ወር ስላልመጣን። «ኮትህን አንጥፈው» አልኩት። አፉን ሦስቴ ከፍቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ኮቴ አዲስ ነው» አለኝ። አውልቆ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፣ እጥፋቱን እያስተካከለ። ለኮቱ አዘነ፣ ለጀርባው አላዘነም። እኔማ ክርኔም አልተረፈ።

በማግስቱ ጠዋት ጩኸት ሰማን። ወልዴ ነው። ገደሉ አናት ላይ ትልቁ ዋንዛ ላይ የሰቀለው ቀፎ የለም። ማር የሞላ፣ ሊቆረጥ ሳምንት የቀረው ቀፎ። ከታች ከመንገዱ አንጋጦ ቢያይ ዛፉ ባዶ ነው። «ትናንት፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በሌለበት፣ ዘረፉኝ» እያለ መንደሩን ዞረው።

አሁን እዚህ ጋ ልብ በሉ። ወደዚያ ዋንዛ ለመውጣት መንገዱ አንድ ነው፣ እሱም በእንጆሪ የተዘጋ ነው። የላይኛው እንጆሪ። ሳይቧጨር የሚያልፍ የለም። ታዲያ ወልዴ ምን አለ፣ «የወንዱ ሁሉ እግር ይታይ» አለ። ቅድም ነግሬያችኋለሁ፣ በኛ ጊዜ እግር ይነበብ ነበር። የዚያን ዕለት ደግሞ ደቦ ነበር፣ ሰው ሁሉ ለበቆሎ አረም ተሰብስቧል። በየተራ ሱሪ ተሰበሰበ። የአንዱ ደህና፣ የአንዱ ደህና፣ የገዛኸኝ ጋ ሲደርሱ እግሩ በእሾህ ቆሳስሏል።

«ይኸው ሌባው» አለ ወልዴ።

ገዛኸኝን ትናንት የት ነበርክ አሉት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ። በሦስተኛው «ቦታ ነበርኩ» አለ። የት ቦታ? «አንድ ቦታ።» ከማን ጋር? «ቦታ ነበርኩ አልኩ እኮ።» እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆሜ ሰማሁት። እጅጌዬን እስከ ጣቴ ጎትቼ ይዣለሁ።

ሽማግሌዎቹ ስድስት ነበሩ። ሰብሳቢያቸው አባ ዱራ ይባሉ ነበር፣ ከጅማ በኩል የመጡ ቡና ነጋዴ፣ እስላም ናቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም የሳቸውን ፍርድ ነበር የሚወደው፣ ምክንያቱም ቶሎ ይጨርሳሉ። ቁርጠማት ነበረባቸውና ረጅም ነገር አይወዱም። የቡና መጋዘኑ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ተነጋገሩ፣ ተነጋገሩ፣ እና አባ ዱራ ቃሉን ሰጡ። ገዛኸኝ እስከ ነገ የዋለበትን ይናገር፣ ካልተናገረ አሥራ አንዱም ዛፍ ለወልዴ ይሰጣል፣ ለሱም መንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠው አይኖርም። ዛፉን ከወሰዳችሁበት እሱ ምን ይቀረዋል? ድስቱ። ያንን ይዞ አገር መልቀቅ ነው።

ወደ ማታ በአጥሬ ስር ሲያልፍ ጠበቅኩት። እንጨት የምሰብር መስዬ።

«ለምን አትናገርም?» አልኩት።

«ምን ልበል? ቡናሽ ይሂድ?»

«ዛፎችህስ?»

«ዛፍ ይበቅላል» አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት ነው የሚፈጀው አንተ ሰውዬ።»

«እጠብቃለሁ» አለ። ሄደ። ኮቱን ለብሶ፣ በዚያ ሙቀት።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሌሊቱን ተኛሁ አልላችሁም። አንዴ ቡናው ይመጣብኛል፣ አንዴ እሱ። ቡናው ልጄን የዳርኩበት ነው፣ ጨው የምገዛበት ነው። እሱ ደግሞ ሌባ ተብሎ ሊሄድ ነው፣ ማር ሰርቆ የማያውቅ ሰው፣ ማር የሚሰጥ ሰው እንጂ። እና ሲነጋ አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። እነዚህ ሽማግሌዎች እግር አዩ እንጂ እንጆሪውን አላዩም።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ሲሰበሰቡ ተነሳሁ። ሴት አትነሳም ነበር ያን ጊዜ፣ መበለት ግን ትንሽ ይፈቀድላታል፣ የሚያፍርላት የለማ። «አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። ጠይቂ አሉ። «ዋንዛው ጋ ወጥታችሁ አይታችኋል?»

አባ ዱራ ጉልበታቸውን ያሻሉ። አንዱ ጋቢውን ያያል፣ ነጭ ጋቢ ነው፣ ታጥቦ የመጣ፣ እንጆሪ ውስጥ ማን ያስገባዋል። ሌላው «ወልዴ አይቶ የለ እንዴ?» አለ። ወልዴ ደግሞ «ከታች አይቻለሁ፣ ባዶ ዛፍ በቅርብ ቢታይ ምን ይጨምራል?» አለ። አያችሁ? ሰው ሊያባርሩ ተቀምጠው አንዳቸውም አልወጡም። ምክንያቱም እሾህ አለው። እሾህ ስላለው የሰው ዕድሜ ሊበላ ነው።

ልክ በዚያ ሰዓት የግብርናው ልጅ በሞተር ብስክሌት አለፈ፣ የልማት ሠራተኛው፣ ከተማ የተማረ ልጅ ነው፣ ጨዋ ልጅ። አባ ዱራ ጠሩት። የገዛኸኝን እግር አሳዩትና የቧጨረው ምንድነው አሉት። ጎንበስ ብሎ አየ። «እንጆሪ ነው» አለ። የላይኛው ነው የታችኛው? አልኩት። «እንጆሪ፣ እንጆሪ ነው።» ልዩነት የለውም ወይ ብዬ ጠየቅኩት እኔ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን ደብተር አወጣ፣ ገለጠ፣ ገለጠ፣ ዘጋት። «ጠይቄ እመለሳለሁ» አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየጠየቀ ነው መሰለኝ።

ታዲያ አባ ዱራ «ለማንኛውም እንውጣ፣ ይቺ ሴት አታስቀምጠንም» አሉ። ወጣን። ስድስት ሽማግሌ፣ ወልዴ፣ ከኋላ እኔና ግማሹ መንደር፣ ገዛኸኝን ብቻ እንዳያመልጥ በረንዳው ላይ አስጠብቀውት። እስከ ገደሉ ደህና ነበር። እንጆሪው ጋ ስንደርስ ግን ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። የተከበረ ሽማግሌ እንጆሪ ሲይዘው ማለት ልጆቼ፣ ክብር የሚባል ነገር የለም። ነጭ ጋቢ የለበሰው ሰውዬ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጋቢው ወደ ኋላ ይቀራል። አንዱ ከዘራውን ተነጠቀ። አባ ዱራ ወገባቸው ላይ ይዟቸው ዞር ብለው «ልቀቂኝ፣ እኔ ሚስት አለኝ» አሉት እንጆሪውን። እየሳቅኩ ነው የወጣሁት፣ ያን ሁሉ ጭንቅ ይዤ።

ዋንዛው ስር ስንደርስ ቀፎው እንጆሪው ውስጥ ወድቆ፣ ተሰባብሮ ተገኘ። ማንም አልወሰደውም። ሰፈፉ ተበትኗል፣ ዛፉ ላይ የጥፍር ምልክት ወጥቶበታል፣ ልጡ ተፋፍቋል፣ እሾሁ ላይ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ጸጉር ተሰክቷል። ያ ጀርባው ነጭ፣ ሆዱ ጥቁር የሆነ አውሬ አለ አይደል፣ ማር በሊታው፣ ንብ የማይፈራው? እሱ ነው። ሕፃን ቢያየው ያውቀዋል።

አለቀ አትበሉ። ወልዴ እልኸኛ ነው። «አውሬው ኋላ ነው የመጣው» አለ። «መጀመሪያ ገዛኸኝ ቀፎውን ጣለ፣ የሚበላውን በላ፣ የተረፈውን አውሬ ላሰው። ካልሆነ እግሩን ምን ቧጨረው?» አለ። ሰውም ወደ እግሩ ነገር ተመለሰ። እግር፣ እግር፣ እግር። እውነት ከፊታቸው ተሰባብሮ ወድቆ እያለ ስለ እግር ያወራሉ።

«እንግዲያው ሁሉም እግር ይታይ» አልኩ እኔ። «የእናንተም። አሁን ከዚሁ ነው የወጣችሁት።»

አባ ዱራ አዩኝ። ብልህ ሰው ናቸው፣ ገባቸው። ወረድን፣ በረንዳው ላይ ስድስቱም በተራ ተቀመጡ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ አሥራ ሁለት የሽማግሌ ቅልጥም በአንድ አግዳሚ ላይ። ሁሉም ላይ ረጅም ረጅም ትልም ነው፣ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ታረሰ ማሳ። የወልዴም እንደዚያው። ከዚያ ገዛኸኝ መጣ። ነጠብጣብ። አንድ ትልም የለም። ጫጩት የለቀመው።

አባ ዱራ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን አዩ፣ የሱን አዩ፣ የራሳቸውን አዩ። «ሸሚዝህን አውልቅ» አሉት። ገዛኸኝ ቆመ። አውልቅ አሉት። ኮቱን አወለቀ፣ አጥፎ አስቀመጠ፣ ሸሚዙን አወለቀ። ጀርባው ከትከሻው እስከ ወገቡ ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ ማሽላ የፈሰሰበት ይመስላል።

አባ ዱራ ቀስ ብለው «ይሄ ሰውዬ ዛፍ የሚወጣው በጀርባው ነው እንዴ?» አሉ።

መንደሩ ፈነዳ። ገዛኸኝ አንገቱን ደፋ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ዋጥኩት፣ ግን መዋጥ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አባ ዱራ ሳቁ ሲበርድ «ይሄ ታዲያ የየትኛው እንጆሪ ነው? የት ነው የሚበቅለው?» ብለው ጠየቁ። ገዛኸኝን ነው የጠየቁት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ከፈተ፣ ዘጋ። በሦስተኛው ሊዋሽ ነው፣ አየሁት፣ ሰውዬው ውሸት አያውቅም፣ አንድ የማይሆን ነገር ሊናገር ነው። «አዎ እኔ ነኝ ማሩን የበላሁት» ሊል ነው።

ቀደምኩት። «የወንዝ ዳሩ ነው» አልኩ። «ድሮ ችግኝ ጣቢያ የነበረው ቦታ ነው ያለው፣ ሌላ የትም የለም። መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ አበባው የማይታይ፣ እሾሁ ትንንሽ። ላይኛው መንገድ ላይ አንድም ግንድ የለውም። ዋንዛው ጋ የወጣ ሰው ይሄን ሊያገኘው አይችልም፣ እዚያ የዋለ ሰውም ማር ሊሰርቅ አይችልም፣ ግማሽ ቀን ነው የሚያስኬደው።»

ወልዴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

እንጨት ስለቅም ማለት እችል ነበር። ውሃ ስቀዳ ማለት እችል ነበር። ያምኑኝ ነበር፣ ሴት ናት፣ ወንዝ ትወርዳለች። ግን ገዛኸኝ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆሞ፣ ኮቱ እግሩ ስር ታጥፎ፣ እኔ እዚያ እጅጌዬን ይዤ። በቃ አልኩ። እጅጌዬን ሰበሰብኩት፣ ክርኔን አወጣሁት፣ ነጠብጣቡን።

«በዚህ» አልኩት።

ጉልበቴንማ ለሽማግሌ አላሳይም።

ከዚያ ወልዴ ጮኸ። የወንድሜ ቡና ይላል፣ ገጀራ ይላል፣ ዛሬውኑ ትልቀቅ ይላል። ሰውም ወደሱ አዘነበለ፣ ልማዱ ነዋ። አባ ዱራ እጃቸውን አነሱ። እግራቸውን ገና አልሸፈኑም፣ ደሙ ይታያል።

«ወልዴ» አሉት፣ «የጠራኸን ለምንድነው?»

«ለማሬ።»

«ማርህን ማን በላው?»

ወልዴ «አውሬ» አለ።

«እንግዲህ አውሬውን ክሰስ። ስለ እንጆሪ የከሰሰ ሰው የለም።»

ወልዴ «ስለሱማ ነገ እከሳለሁ» አለ። አባ ዱራም ሱሪያቸውን እያወረዱ ምን አሉት፣ «ክሰስ፣ መብትህ ነው። ግን የከሰስከውን ነገር ወርደን በዓይናችን እናያለን፣ ከእንግዲህ ተቀምጠን አንፈርድም። እኔ ሌላ እንጆሪ ውስጥ የምገባበት እግር የለኝም። ሌላ ሰብሳቢ ፈልግ» አሉት። ነጭ ጋቢ የነበረው ሰውዬ፣ ጋቢው አሁን ወንፊት ሆኗል፣ «እኔም የለሁበትም» አለ። ስድስቱም የሉበትም። እና ያ ሸንጎ እስከ ዛሬ አልተጠራም። እኔን ያዳነኝ ልማድ አይደለም፣ ሕግ አይደለም፣ የሽማግሌ ቅልጥም ነው።

አባ ዱራ ማታ ላይ በቤቴ አለፉና ቡናውን በልጅሽ ስም አድርጊው፣ የአባቷ ነው፣ ማን ይናገራል አሉኝ። አደረግኩት። ከዚያ በኋላ ነው ከገዛኸኝ ጋር በአደባባይ የተጋባነው። ወልዴስ? ወልዴ ሦስት ወር አኮረፈ። በሠርጋችን ቀን ግን መጣ፣ ልብሱን አሳምሮ፣ አንድ እንስራ ማር ተሸክሞ። ጠላ ቀዳሁለት። ጠጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እኔ ገጀራው መጣ ብዬ ስጠብቅ፣ በስሜ ጠርቶ «ዘርፌ፣ ያ ፍሬ ይጣፍጣል?» አለኝ። ይጣፍጣል አልኩት። ኋላ ላይ ወንዝ ዳር ሲወርድ አይተነዋል አሉ። ፍሬ ለመልቀም ይሁን ለሌላ እኔ አልጠየቅኩም። ጀርባውን አላየሁትም።

ያን እንጆሪ ቆርጬ አምጥቼ እዚህ አጥሬ ላይ ልተክለው ሞክሬ ነበር፣ ደረቀ። እምቢ አለ። ባለቤት ያለው ቦታ አይወድማ። አሁንም ያለው እዚያው ነው፣ መደቡ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ ሌላ የትም የለም።

እና ተመስገን፣ ወደ አንተ ልመለስ። ላይ ስመነጥር ነው አልከኝ። ላይ ይሄ እንጆሪ የለም። ደግሞ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነው ትላለህ? የምን ውሃ፣ ጀሪካንህ ይኸው ባዶውን ተቀምጧል። ዝም አልክ? ዝም ማለት ጥሩ ነው፣ ዝምተኛ ሰው አውቃለሁ። ና፣ ዙር፣ ሸሚዝህን ከፍ አድርግ። ከፍ አድርግ እንጂ። ምን ትስቃላችሁ እናንተ፣ የእናንተም ተራ ይደርሳል።

ቆዩ፣ ሽማግሌው ተነሳ። ምን አልክ ገዛኸኝ? ጮክ በል፣ ዝናቡ ነው።

ሰማችሁት? «ልጁን ተይው፣ ግን ኮቱን ያንጥፍ በይው» ይላል።